የማይነካኩ እንጨቶችን ምን አቆማቸው?

ሦስት ክብ ዘንጎችና ዘጠኝ የገመድ ክፍሎች። ዘንጎቹ እርስ በርስ አይነካኩም፤ ሚስማር አልተመታባቸውም፤ ኮላ አልተቀባቸውም። ገመዱ በልኩ ሲወጠር ግን ሦስቱም ዘመም ብለው በየቦታቸው ይጸናሉ፤ ገፋ ቢያደርጓቸው ይመለሳሉ፤ ቢገለብጧቸውም ቅርጻቸውን አይለቁም። ይህ አሠራር ቴንሰግሪቲ ይባላል። ከዚህ በታች ያለው ምልልስ በሙያው በሸበተ አናጢና ፊዚክስ በምታስተምር ወጣት መካከል የቀረበ ነው። የጸሐፊው ሐሳብ በሁለቱም አንደበት ይናገራል፤ አንዱ የሚጠይቀውም ሌላዋ የምትመልሰውም ስለ አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የዚህ ሞዴል ንድፍ ያለው በእንጨቱ ሳይሆን በገመዱ ልክ ውስጥ መሆኑ ነው።

አናጢው፦ ልጄ፣ በእኛ ሙያ ሥራው ያለው ሁለት እንጨት የሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው። አንዱን ፈልፍለን ሌላውን እንሰካበታለን፤ ካልሆነም በሚስማር እንመታዋለን፣ በኮላ እናጣብቀዋለን። ወንበር የሚነቃነቀው መጋጠሚያው ሲላላ ነው፤ በር የሚዘምመውም መጋጠሚያው ሲደክም ነው። አንቺ የምትነግሪኝ ነገር ደግሞ መጋጠሚያ የለውም። እንጨት እንጨትን ካልያዘ፣ ክብደቱ ከላይ ወደ መሬት በምን መንገድ ይወርዳል? ገመድ ይስባል እንጂ አይሸከምም። አንድ ክንድ ገመድ ቀጥ አድርገሽ አቁሚ ብትባዪ አይሆንልሽም። ታዲያ ራሱን ያልቻለ ገመድ እንጨትን እንዴት ያቆማል?

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ ጥያቄዎ ከሥሩ ነው፤ እኔም ከሥሩ ልጀምር። አንድ ነገር ጭነት የሚችለው ወይ በመገፋት ወይ በመሳብ ነው። ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተካበ ግድግዳ በመገፋት ይኖራል፤ የድንኳን ገመድና ሸራ በመሳብ ይኖራሉ። እርስዎ የሚሠሩት ወንበር ሁለቱንም በአንድ መጋጠሚያ ላይ ያደባልቃቸዋል፤ ሰው ወደ ኋላ ሲደገፍ ያው መጋጠሚያ በአንድ በኩል ይገፋል፣ በሌላው በኩል ይሳባል፣ ደግሞም ይጠመዘዛል። የሚደክመውም ለዚህ ነው። በዚህ ሞዴል ግን ሥራው ተከፋፍሏል፤ እንጨቱ መገፋትን ብቻ፣ ገመዱ መሳብን ብቻ ይዟል። የአንድ ዘንግ ጫፍ ብቻውን እንመልከት። ወደዚያ ጫፍ ሦስት ገመዶች ይደርሳሉ፤ እያንዳንዱ ወደየራሱ አቅጣጫ ይስበዋል፤ የሦስቱ ጉልበት ሲደመር ግን በትክክል ዘንጉን ይዞ ወደ ውስጥ ያመራል። ዘንጉ ደግሞ ያንኑ ያህል ወደ ውጭ ይገፋል። በስድስቱም ጫፎች ሒሳቡ ዜሮ ከወጣ የሚንቀሳቀስ ነገር አይኖርም። ከላይ ሲጫኑት አንዱ ገመድ ይበልጥ ይወጠራል፣ ዘንጉም ይበልጥ ይገፋል፤ ጫናው ከገመድ ወደ ዘንግ፣ ከዘንግ ወደ ገመድ እየተቀባበለ መሬት ይደርሳል። ገመድ ብቻውን አለመቆሙ እውነት ነው። እዚህ ግን ብቻውን አይደለም፤ ዘንጉ በገፋ ቁጥር እርሱ መሳቢያ ያገኛል።

አናጢው፦ እንዲህ ከሆነማ ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የጠፍር አልጋ አለን፤ እንጨቱ ይገፋል፣ ጠፍሩ ይስባል። ክራር አለን፤ አውታሩ ካልተወጠረ ድምፅ የለውም። ከበሮም በጠፍር ነው የሚወጠረው። አባቶቻችን የሚያውቁትን ነገር በባዕድ ስም ጠርተሽ እንዳታመጪብኝ።

መምህርቷ፦ ዝምድናው እውነተኛ ነው፤ ልዩነቱ ግን ጉዳዩን ሁሉ ይይዛል። የአልጋውን ጠፍር ፈትተው ቢያወጡት ቋሚውና አግዳሚው ተያይዘው እንደቆሙ ይቀራሉ። የክራሩን አውታር ቢበጥሱት ሁለቱ ክንዶች ከቀንበሩና ከድምፅ ሳጥኑ አይለያዩም። እዚያ እንጨቱ አካሉን አስቀድሞ ሠርቶ ጨርሷል፤ ጠፍሩና አውታሩ በተሠራ አካል ላይ የመጡ እንግዶች ናቸው። በዚህ ሞዴል ግን ገመዱን ቢያወጡ የሚቀረው በወለል ላይ የተበተነ ሦስት ዘንግ ብቻ ነው። ይህን ልዩነት አጥርቶ ያሳየው ኬኔት ስኔልሰን የተባለ አሜሪካዊ ቀራፂ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በሐምሌና ነሐሴ፣ ተማሪ ሳለ፣ በኖርዝ ካሮላይና በነበረው ብላክ ማውንቴን ኮሌጅ ከንድፍ አውጪው ባክሚንስተር ፉለር ዘንድ ተማረ፤ በዚያው ዓመት ማብቂያም አንድ የኤክስ ቅርጽ ያለው እንጨት በሌላው ላይ በክር ብቻ ተይዞ የሚንሳፈፍበትን ትንሽ ሥራ ሠራ። ቴንሰግሪቲ የሚለውን ስም ያወጣው ፉለር ነው፤ ስኔልሰን ግን ተንሳፋፊ ግፊት የሚለውን ይመርጥ ነበር። ከሁለቱም ቀደም ብሎ በ1921 በሞስኮ በተካሄደ ኤግዚቢሽን ካርሊስ ዮሃንሰንስ የተባለ የላትቪያ ሰዓሊ ወደዚህ የሚጠጋ የሦስት ዘንግ ሥራ አቅርቦ ነበር። በስሙና በቀዳሚነቱ ብዙ ተከራክረዋል። ለእኛ የሚጠቅመን ግን ስኔልሰን በ1965 ላገኘው የፈጠራ ባለቤትነት መብት የሰጠው ርእስ ነው፤ ያልተቋረጠ ውጥረት፣ የተቋረጠ ግፊት ይላል። ገመዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ ሁሉን ያዳርሳል፤ እንጨቱ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ነው። የጠፍር አልጋ የዚህ ተቃራኒ ነው።

አናጢው፦ እሺ፣ ልዩነቱን ተቀበልኩ። አሁን ልክ ስጪኝ። አናጢ ልክ ካልያዘ እጁ አይንቀሳቀስም።

መምህርቷ፦ ክርክሬም ያለው እዚሁ ልኩ ላይ ነው። ሦስት ዘንግ እንውሰድ፤ እያንዳንዱ 30 ሴንቲሜትር ይሁን። የታችኞቹን ሦስት ጫፎች ጎኑ 18 ሴንቲሜትር በሆነ የገመድ ሦስት ማዕዘን እናያይዝ፤ የላይኞቹንም እንዲሁ። የሚቀሩት ታችና ላይን የሚያገናኙ ሦስት ቋሚ ገመዶች ናቸው። ዘንጉ ከታች ካለ ማዕዘን ተነሥቶ ቋሚው ገመድ ወደሚሄድበት ማዕዘን ሳይሆን በመዞሪያው አቅጣጫ ወደሚቀጥለው ያመራል። እንግዲህ ቋሚዎቹ ስንት ይሁኑ? የላይኛው ሦስት ማዕዘን በታችኛው ልክ ትይዩ ሆኖ ምንም ካልዞረ፣ ቋሚው ገመድ 24 ሴንቲሜትር መሆን አለበት። ላዩን 20 ዲግሪ ብናዞረው 23.06 ይበቃዋል። 30 ዲግሪ ላይ 22.93 ይሆናል። ማዞሩን ብንቀጥልና 40 ላይ ብንደርስ ግን ተመልሶ 23.06 ይጠይቃል፤ በስሌቱ 60 ላይ እንደገና 24 ይሆናል። ያስተውሉ ጋሼ፤ ገመዱ እጅግ የሚያጥርበት አንድ ቦታ ብቻ አለ፤ እርሱም 30 ዲግሪ ነው። ዘንጎቹና ሁለቱ ሦስት ማዕዘኖች ይህንኑ ልክ እስከያዙ ድረስ፣ ከዚያ ወደየትም ቢዞር ገመዱ መርዘም ይኖርበታል፤ የተወጠረ ገመድ ደግሞ መርዘምን አይፈቅድም። ስለዚህ ሞዴሉ 30 ዲግሪ ላይ ይቆማል። ቅርጹን እኛ አልሰጠነውም፤ የገመዱ እጥረት ራሱ ያገኘዋል። ለሌላ መጠንም ልኩ እንዲህ ይወጣል፤ የዘንጉን ርዝመት በራሱ ያባዙት፤ የሦስት ማዕዘኑን ጎን በራሱ አባዝተው በ1.155 ያባዙትና ከፊተኛው ይቀንሱት፤ የቀረው ቁጥር ስኩዌር ሩት የቋሚው ገመድ ልክ ነው። በእኛ ምሳሌ ከ900 ላይ 374 ሲቀነስ 526 ይቀራል፤ የእርሱም ስኩዌር ሩት 22.93 ነው።

አናጢው፦ ከ22.93 እስከ 23.06 ያለው ልዩነት ከአንድ ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም። ለእርሳስ ምልክት ውፍረት ነው የምትከራከሪው። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ለብረት ሠራተኛ ይሆናል፤ እንጨትና ሲባጎ ለያዘ ሰው ግን ከንቱ ሒሳብ ነው። ደግሞም ቋጠሮ ሲጠብቅ ገመድ ይበላል፣ ገመዱም ራሱ ይለጠጣል። ልክሽ ወረቀት ላይ ያምራል፤ እጅ ላይ ሲደርስ ይጠፋል።

መምህርቷ፦ ሒሳቡን ከንቱ የሚያደርገው የሚመስለው ነገር ዋነኛ ማስረጃው ነው። ገመዱ በአንድ ሚሊሜትር ከሩብ ያህል ሲረዝም የላይኛው ክፍል ከ20 እስከ 40 ዲግሪ ድረስ ያለ ከልካይ ይወዛወዛል። በወንበር እግር ላይ አንድ ሚሊሜትር ቢሳሳቱ ወንበሩ በትንሹ ይንገዳገዳል፤ እዚህ ግን ያው ስሕተት ሞዴሉን ከሞዴልነት ያወጣዋል። ጥንካሬው በገመዱ ልክ ውስጥ ነው የምለውም ለዚህ ነው። የገመዱ መለጠጥ ደግሞ ጠላት አይደለም፤ ካወቁበት መሣሪያ ነው። ቋሚውን ገመድ ሳይወጠር 22.5 አድርገው ቢሠሩትና ቦታው ሲደርስ ወደ 22.9 ቢሳብ፣ ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ተለጥጧል ማለት ነው፤ ያ መለጠጥ ነው ሞዴሉን ያለማቋረጥ የሚያጠብቀው። አሠራሩም ከዚህ ይከተላል። ዘንጉ 31 ሴንቲሜትር ሆኖ ይቆረጥና በሁለቱም ጫፍ 5 ሚሊሜትር ጥልቀት ያለው ስንጥቅ በቀጭን መጋዝ ይከፈትበታል፤ ገመዱ የሚያርፈው ስንጥቁ ሥር ስለሆነ እውነተኛው ርዝመት ከሥር እስከ ሥር 30 ይሆናል። እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ከስንጥቁ በታች በክር ጠበቅ አድርጎ መጠምጠም፣ ስንጥቁንም በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ያስፈልጋል፤ ሻካራ ጠርዝ ገመድ ይበላል። ሦስት ማዕዘኑን በሦስት ቁራጭ ከመሥራት ይልቅ በአንድ ረጅም ገመድ ላይ በየ18 ሴንቲሜትሩ በእስክሪብቶ ምልክት ማድረግ ይሻላል፤ ቋጠሮው አንድ ብቻ ይሆናል፣ የሚለካውም ከምልክት እስከ ምልክት ነው። ቋሚዎቹን መጀመሪያ 24 ላይ ላላ አድርጎ ማሰር፣ ከዚያ ሦስቱንም በየተራ ጥቂት በጥቂት ማሳጠር ነው። ናይሎን ብዙ ስለሚለጠጥ በጊዜ ብዛት ይላላል፤ ተጎንጉኖ የተሠራ የፖሊስተር ገመድ ከእርሱ ይሻላል።

አናጢው፦ እኔ ግን ሌላ ነገር ይታየኛል። ሠርቼው ቢንቀጠቀጥብኝ፣ የላላውን ገመድ ፈልጌ እርሱን አጠብቃለሁ። ይህ የማንኛውም እጅ ሥራ ሕግ ነው፤ የደከመውን ፈልግ፣ እርሱን ጠግን።

መምህርቷ፦ የዚህ ሞዴል ትልቁ ትምህርት ያ ሕግ እዚህ አለመሥራቱ ነው። ክራር ሲቃኙ አንዱን አውታር ቢያከሩ የሚለወጠው የእርሱ ድምፅ ነው፤ ሌሎቹ በነበሩበት ይቆያሉ። እዚህ ግን በሞዴሉ ውስጥ ያለው ውጥረት በሙሉ በአንድ ሒሳብ የተሳሰረ ነው። በአንዱ ገመድ ያለውን ጉልበት ካወቅን የሌሎቹ ስምንትና የሦስቱም ዘንጎች ጉልበት በቅርጹ ተወስኗል፤ የእንጨቱን ክብደት ካልቆጠርን አንዱ ላልቶ ሌላው ሊጠብቅ አይችልም። አንዱ ከላላ ሁሉም ላልቷል፤ አንዱ ከጠበቀ ሁሉም ጠብቋል። ስለዚህ የላላውን መፈለግ ትርጉም የለውም። የሚፈለገው ልኩን የሳተው ነው፤ ያም በመንካት ሳይሆን በማስመሪያ ይገኛል። የመንቀጥቀጡንም ምክንያት የፊዚክስ ሊቁ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1864 ነክቶታል። የእርሱ ደንብ የመገጣጠሚያዎቹን ቁጥር በ3 አባዝተህ 6 ቀንስ፣ ቅርጹ እንዲጸና ያን ያህል ዘንግ ያስፈልገዋል ይላል። በእኛ ሞዴል ስድስት ጫፎች አሉ፤ 18 ሲቀነስ 6፣ 12 ነው፤ ያሉን ክፍሎችም ሦስት ዘንግና ዘጠኝ ገመድ፣ በትክክል 12 ናቸው። በቁጥሩ መሠረት ምንም መነቃነቅ ባልነበረበት፤ ነገር ግን ለጥቂቷ መዞር ለስላሳ ነው። ማክስዌል ራሱ አንዱ መስመር እጅግ የረዘመ ወይም እጅግ ያጠረ በሚሆንበት ልዩ ቦታ ደንቡ እንደማይሠራና እዚያ የሚገኘው ጥንካሬ ከተለመደው ዝቅ ያለ እንደሚሆን አስጠንቅቋል፤ በ1978 ካላዳይን የተባለ መሐንዲስ ይህንን ከፉለር ሥራዎች ጋር አገናኝቶ አብራራው። የእኛ 22.93 ያ ልዩ ቦታ ነው። ለስላሳውን የሚያጸናው እንጨት መጨመር አይደለም፤ ውጥረት መጨመር ነው።

አናጢው፦ ውጥረት መጨመርስ እስከ የት? እኔ የማውቀው ቀጭን እንጨት ከሁለት ወገን ሲጫኑት እንደሚጎብጥ ነው።

መምህርቷ፦ ወሰኑን ያስቀመጠው የሒሳብ ሊቁ ኦይለር ነው፤ ከ250 ዓመት በላይ ሆኖታል። በጫፎቹ የሚገፋ ዘንግ የሚጎብጥበት ጭነት ርዝመቱ በእጥፍ ሲያድግ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ውፍረቱ በእጥፍ ሲያድግ 16 ጊዜ ይጨምራል። ውፍረቱ 6 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 30 ሴንቲሜትር የሆነ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው እንጨት 7 ኪሎ ገደማ ላይ ይጎብጣል፤ ያንኑ 60 ሴንቲሜትር ቢያደርጉት 2 ኪሎ እንኳ አይችልም፤ ርዝመቱን ትተው ውፍረቱን 8 ሚሊሜትር ቢያደርጉት 22 ኪሎ ይደርሳል። ገመድ ግን በርዝመቱ ምክንያት አይጎብጥም፤ አንድ ሜትርም ይሁን አሥር፣ የሚችለው ስበት ያው ነው። ስለዚህ ሥራውን መከፋፈል ቁጠባ አለው፤ መገፋትን ለአጭር እንጨት፣ መሳብን ለረጅም ገመድ መስጠት። ስድስት ዘንግና ሃያ አራት ገመድ ባለው ሞዴል ደግሞ ስሌቱ ይበልጥ ያምራል። ዘንጎቹ ሁለት ሁለት ሆነው በትይዩ ይቆማሉ፤ በአንድ ጥንድ ሁለት ዘንጎች መካከል ያለው ርቀት የዘንጉ ግማሽ ነው፤ ገመዶቹ ሁሉ እኩል ናቸው፣ የዘንጉ 0.612 ያህል፣ ማለትም ለ30 ሴንቲሜትር ዘንግ 18.4። እያንዳንዱ ገመድ በ2 ኪሎ ቢሳብ ዘንጉ ላይ የሚያርፈው ወደ 5 ኪሎ ነው፤ ባለ 6 ሚሊሜትሩ ዘንግ ይችለዋል። በ3 ኪሎ ቢሳብ ግን ከ7 ያልፋልና ይጎብጣል። ወሰኑ ይኸው ነው።

አናጢው፦ የመጨረሻ ተቃውሞዬን ስሚኝ፤ ከሁሉም የከበደኝ እርሱ ነው። አንዱ ከላላ ሁሉም ላልቷል አልሽ፤ እንግዲያ አንድ ገመድ ቢበጠስ ሁሉም ይፈርሳል ማለት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን፤ እኛ የምናውቀው ድር ግን አንዱ ቢበጠስ የቀሩት ይይዛሉ። አንድ ክር ሲበጠስ የሚፈርስ ቤት ማን ይሠራል? ለኑሮ የማይሆን ነገር ለምን ይጠናል?

መምህርቷ፦ በዚህ ላይ እውነቱን አልደብቅዎትም። ሦስት ዘንግ ያለው ሞዴል ምንም ትርፍ የለውም፤ አንዱ ገመድ ከተበጠሰ ይፈርሳል። ለተራ ቤት ከግንብና ከጣውላ ይረክሳል ወይም ይሻላል ብዬም አልከራከርም። ሆኖም ነገሩ ለኑሮ አይሆንም የሚለውን የሚያስተባብሉ ሥራዎች አሉ። ስኔልሰን በ1968 የሠራው የመርፌ ግንብ በዋሽንግተን የሄርሽሆርን ሙዚየም ንብረት ነው፤ ከአሉሚኒየም ቱቦና ከብረት ገመድ ተሠርቶ ወደ 18 ሜትር ከፍታ አለው፤ ቱቦዎቹም አይነካኩም። በአውስትራሊያ ብሪዝበን በ2009 የተከፈተው የኩሪልፓ ድልድይ ንጹሕ ቴንሰግሪቲ ባይሆንም አሠራሩን ተበድሮ 470 ሜትር ይዘልቃል፤ እግረኞችና ባለ ብስክሌቶች ይሻገሩበታል። በካሊፎርኒያ የናሳ ኤምስ ማዕከል መሐንዲሶች ደግሞ ስድስት ዘንግ ያለውን ቅርጽ ለሳተርን ጨረቃ ለታይታን ሮቦት ሊሆን ይችላል ብለው አጥንተውታል፤ ምክንያታቸውም እርስዎ እንደ ጉድለት የቆጠሩት ያው ልስላሴ ነው። ቅርጹ ከከፍታ ወድቆ ሲያርፍ ምቱ በአንድ መጋጠሚያ ላይ አይቀርም፤ በገመዶቹ ሁሉ ይከፋፈላል። የምሳሌያችንንም ድር ልመልስልዎ፤ የምሳሌው ድር የሚያስረው ወደ አንድ ወገን አብሮ ስለሚስብ ነው። እዚህ ያለው ገመድ ግን ወደየራሱ ወገን ይስባል፤ የሚያቆመውም ያ መሳሳብ በልኩ ስለሆነ ነው። ትንሹ ሞዴል የሚጠናውም ለዚህ ይመስለኛል። በትልቅ ሕንፃ ውስጥ የትኛው ክፍል እንደሚገፋ፣ የትኛው እንደሚሳብ በዓይን አይለይም፤ ሁሉም በኮንክሪትና በልስን ተሸፍኗል። በሦስት ዘንግና በገመድ ግን ኃይሉ ራቁቱን ይታያል፤ በጣት ይዳሰሳል። ይህን በእጁ የሠራ ወጣት በኋላ የጣሪያ ማገር ሲያይ፣ እንጨቱን ከማወፈሩ በፊት ይሄ ይገፋል ወይስ ይሳባል ብሎ ይጠይቃል።

አናጢው፦ እንግዲያስ የስድስት ዘንጉን ሞዴል በትክክል መሠራቱን በምን አውቃለሁ? ሃያ አራት ገመድ በማስመሪያ ስለካ ዓይኔ ይዝላል።

መምህርቷ፦ በጆሮዎ ያውቁታል። ርዝመታቸውና ዓይነታቸው አንድ የሆኑ ሁለት ገመዶች እኩል ከተወጠሩ ሲነኳቸው አንድ ድምፅ ይሰጣሉ። በስድስት ዘንጉ ሞዴል ሃያ አራቱም እኩል ረጃጅም፣ ውጥረታቸውም እኩል መሆን አለበት፤ ስለዚህ ቅርጹ ከተስተካከለ በእያንዳንዱ ላይ ጣትዎን ቢያሳርፉ የሚሰሙት አንድ ቅኝት ነው። ከሌሎቹ የወፈረ ወይም የቀጠነ ድምፅ ያለበት አካባቢ ልኩን የሳተ ነው፤ ማስመሪያው የሚሄደው ወደዚያ ብቻ ነው። ከዚያ አንዱን ገመድ ጥቂት ቢያሳጥሩ የሁሉም ድምፅ አብሮ ከፍ ይላል። ሲከራከሩኝ የዋሉበትን ነገር ከእኔ ቃል ይልቅ ያ ድምፅ ያስረዳዎታል።

አናጢው፦ ዕድሜዬን ሙሉ እንጨት ቆርጬ ነው ለገመድና ለሚስማር ቦታ የፈለግሁት። አሁን እንደገባኝ ግን እንጨቱ የት እንደሚቆም የሚወስነው ገመዱ ነው። ማስመሪያዬን አምጪልኝ ልጄ፤ መጋዙ ግን ይቆይ። መጀመሪያ ገመዱን እለካለሁ።